አምስቱ ዓምዶችና አንዷ ልጅ፦ ስለ ቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርትና ስለ ልጆች የዕድገት ዘርፎች

በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ለመዋዕለ ሕፃናት መምህራን፣ ለዕጩ መምህራንና ለወላጆች የቀረበ የሕዝብ ንግግር



የዛሬው ንግግር በፋኩልቲያችን አዳራሽ ሳይሆን እዚህ አቃቂ እንዲካሄድ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። የማነሣው ጥያቄ ወደ አእምሮዬ የመጣው በዚሁ ክፍለ ከተማ ውስጥ ስለሆነ፣ እዚሁ ብናገረው ይሻላል ብዬ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በልምምድ ላይ ያሉ ዕጩ መምህራንን ለመገምገም ከዚህ ብዙም ወደማይርቅ አንድ መዋዕለ ሕፃናት መጥቼ ነበር። በእጄ የልጆች መመልከቻ ቅጽ ይዣለሁ። ቅጹን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ በአምስት ዓምዶች የተከፈለ ነው፦ አካላዊ፣ አእምሯዊ፣ ቋንቋዊ፣ ማኅበራዊና ስሜታዊ። የዕረፍት ሰዓት ነበርና ግቢው አጠገብ ጥላ ውስጥ ቆሜ አምስት ዓመት የሚሆናት አንዲት ልጅ ከጓደኛዋ ጋር ቀለቦሽ ስትጫወት ተመለከትሁ። አንዱን ጠጠር ወደ ላይ ትወረውራለች፣ እሱ ሳይወርድ ከመሬት ያለውን ታነሣለች፣ የወረደውን ትቀልባለች። መጀመሪያ አንድ አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት ሁለት። ሦስተኛው ዙር ላይ ጓደኛዋ «ነክተሽዋል!» አለቻት። ክርክር ተነሣ። ልጅቱ አልነካሁም ብላ ምክንያቷን ዘርዝራ አስረዳች፤ ጓደኛዋም ሕጉን ከነማስረጃው ጠቀሰች። በመጨረሻ ልጅቱ ከንፈሯን ነክሳ፣ ዕንባዋን ውጣ፣ ጠጠሮቹን አስረከበች።

እስክሪብቶዬን አወጣሁ፤ ግን የት ልጻፍ? መወርወርና መቅለብ አካላዊ ነው። ሁለት ሁለት አድርጎ መከፋፈል አእምሯዊ ነው። ክርክሩ ቋንቋ ነው። ተራ መልቀቅ ማኅበራዊ ነው። ዕንባ መዋጥ ስሜታዊ ነው። ይህ ሁሉ የሆነው በሁለት ወይም በሦስት ደቂቃ ውስጥ፣ በአንዲት ልጅ እጅና ፊት ላይ ነው። ደወል ተደወለና ልጆቹ ወደ ክፍል ገቡ። የቀጣዩ ክፍለ ጊዜ ሥራ አንድን ፊደል ገጽ ሙሉ መገልበጥ ነበር። መምህርቷ ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ ያችኑ ልጅ በአገጯ እያመለከተች፣ «ይቺ እንኳን ትንሽ ደከም ትላለች» አለችኝ። ማስረጃዋም ደብተሯ ነበር።

ዛሬ ማታ የምናገረው በዚያች ግቢና በዚያ ደብተር መካከል ስላለው ርቀት ነው።

የዕድገት ዘርፎች የምንላቸው ከየት መጡ? ልጅ በአምስት ተከፍሎ አልተወለደም። ክፍፍሉን ያመጣው የተመራማሪዎች የሥራ ድርሻ ነው። ሐኪሙ ክብደትና ቁመት ለካ፤ ፒያዤ ልጅ እንዴት እንደሚያስብ ጠየቀ፤ ቪጎትስኪ ቋንቋና ከሌሎች ጋር መኖር አስተሳሰብን እንዴት እንደሚሠሩት መረመረ። እያንዳንዱ በየራሱ መስኮት አየ። መስኮቶቹ ጠቃሚ ናቸው፤ እኔም ለሃያ ዓመት ያህል ሳስተምራቸው ኖሬአለሁ። ችግሩ የሚጀምረው መስኮቱን ለክፍለ ጊዜ ስናውለው ነው፦ ሰኞ በሦስት ሰዓት ቋንቋ፣ በአራት ሰዓት ሒሳብ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጊዜ ከተረፈ ጨዋታ።

እዚህ አቃቂ ላይ ማሪያ ሞንቴሶሪን ማንሣት ተገቢ ይመስለኛል። ሐኪም የነበረችው ሞንቴሶሪ የመጀመሪያውን የልጆች ቤት እ.ኤ.አ. በ1907 የከፈተችው በሮም ሀብታሞች ሰፈር አልነበረም፤ ሳን ሎሬንዞ በሚባል የድኻ ሠራተኞች ሰፈር ነው። ወላጆች ለሥራ ሲወጡ ልጆች በግቢ ውስጥ ያለ ጠባቂ ይቀሩ ነበር። አቃቂም የሠራተኛ ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የባቡር ሐዲድ ያለፈው በዚህ ነው፤ ከዚያም የጨርቃ ጨርቁ፣ የብረታ ብረቱና ሌላው ፋብሪካ ተከተለ። በፈረቃ የሚሠራ ወላጅ ልጁን የሚያሳድርበትን እንጂ የሚያውልበትን ስፍራ ማግኘት ምን ያህል እንደሚከብደው እዚህ ለተቀመጣችሁት መንገር አያሻኝም። ዛሬ ሞንቴሶሪ የሚለው ስም በከተማችን ውድ ክፍያ በሚጠይቁ ትምህርት ቤቶች በር ላይ ተጽፎ ሳይ ፈገግ እላለሁ።

ወደ አገራችን ሰነዶች ስንመጣ የሚያሳፍር ነገር የለም። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መዋዕለ ሕፃናት ልጁን በሁለንተናዊ ዕድገት ላይ አተኩሮ ለመደበኛ ትምህርት እንዲያዘጋጅ ይል ነበር። በ2002 ዓ.ም. ሦስት ሚኒስቴሮች፣ የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ፣ በጋራ ያወጡት የቀዳማይ ልጅነት ማዕቀፍም ጤናን፣ ወላጆችን ማስተማርን፣ መዋዕለ ሕፃናትንና የትምህርት ዝግጁነትን አንድ ላይ አያይዟል። በዚያው ዘመን ቅድመ አንደኛ ደረጃ የሚገቡት ልጆች በአገር አቀፍ ደረጃ ከመቶ 5 ገደማ ብቻ ነበሩ፤ ዜሮ ክፍል በየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሲከፈትና ከልጅ ለልጅ የሚባለው መርሐ ግብር ሲስፋፋ ከአሥር ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከመቶ 40 አለፉ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ሆኖም ዜሮ ክፍልን ብዙ ጊዜ ያስተማሩት ለአንደኛ ክፍል የሠለጠኑ መምህራን ናቸው፤ የሚያውቁትም የአንደኛ ክፍልን አሠራር ነው። ሰው የሚያውቀውን ያስተምራል። ስለዚህ ወደ ታች የወረደው አንደኛ ክፍል ሆነ።

ደብተሩ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ዋናው ነገር እሱ ጋ ነውና።

33ቱ ፊደላት በ7 ቅጽ ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹን አልቆጠርሁም። የእንግሊዝኛው ትልቁና ትንሹ ፊደል ሲታከል 283 ነው፤ ቁጥሮች ገና አልገቡም። ይህን ሁሉ እንዲጽፍ የሚጠበቀው እጅ ምን ዓይነት እጅ ነው? የሰው አንጓ 8 ትናንሽ አጥንቶች አሉት። ልጅ ሲወለድ ስምንቱም ገና ልምአጥንት ናቸው። አንድ በአንድ እየጠነከሩ ይሄዳሉ፤ በአራት ዓመት ልጅ ራጅ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ግማሽ ያህሉ ነው፤ የመጨረሻው የሚታየው ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። ይህ ሕመም አይደለም፤ ተፈጥሮ የሠራችው የጊዜ ሰሌዳ ነው። የአራት ዓመት ልጅ እርሳስ በጡጫው ሲጨብጥ ስንፍና አይደለም፤ ጣቶቹ ገና ከክንዱ ተለይተው መሥራት አልለመዱም።

«እኛ ግን በልጅነታችን ፊደል ቆጥረናል» የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ከወላጆች ጋር በተነጋገርሁ ቁጥር ይነሣል። መልሱ ደስ ይለኛል። በቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ፊደል የቆጠረው በዓይኑ፣ በጣቱና በድምፁ ነው። በስንደዶ እያመለከተ፣ በዜማ እየጮኸ፣ ከጓደኞቹ ጋር እየተቀባበለ ሀሁን፣ አቡጊዳን፣ ፊደለ ሐዋርያን ያነብባል። መጻፍ ግን ሌላ ሙያ ነበር፤ ብራናና ቀለም፣ መቃ ብዕር፣ ለጽሕፈት የተለየ መምህር የሚጠይቅ፣ ዳዊት የደገመ ሁሉ የማይችለው። ማንበብንና መጻፍን በአንድ ቀን፣ በአንድ እጅ፣ በሦስት ዓመት ዕድሜ መጠየቅ የአባቶቻችን ልማድ አይደለም፤ የእኛው ፈጠራ ነው። የድሮውን ሁሉ እያሞገስሁ አይደለሁም፤ ኩርኩሙንና አለንጋውን የቀመሱ አዛውንት በዚህ አዳራሽ አሉ። ነገር ግን በቅደም ተከተሉ ልክ ነበሩ።

ታዲያ ለእጁ ምን እንስጠው? አንድ ጊዜ ከዚሁ ሰፈር አንዲት አያት፣ ዕጩ መምህራኔ ጥቃቅን ጡንቻዎችን ስለ ማዳበር ሲያስረዱ ሰምተው፣ «ምስር መልቀም ማለታችሁ ነው?» አሉ። አዎን፤ እሱን ማለታችን ነው። ከምስር ውስጥ ጠጠር የሚለቅም ልጅ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ያገናኛል፤ በዓይኑ ይለያል፤ ይመድባል። ጥጥ መፈልቀቅ፣ ዶቃ በክር መስካት፣ ጭቃ ማድበልበል፣ ቆርኪ በመጠንና በቀለም መደርደር፤ እነዚህ ከውጭ የሚገዙ የመማሪያ ዕቃዎች አይደሉም። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ባለበት ሰፈር ክርና ቁራጭ ጨርቅ ያጣ መዋዕለ ሕፃናት ሳይ ይገርመኛል።

ወላጆችን ግን ከመውቀስ እቆጠባለሁ። ከፋብሪካ ደመወዙ ቀንሶ ለኬጂ የሚከፍል አባት የከፈለበትን ማየት ይፈልጋል። ሊያይ የሚችለው ደግሞ ደብተሩን ነው። ልጁ አንደኛ ክፍል ሲገባ የመግቢያ ፈተና ይጠብቀዋል የሚል ሥጋትም አለው፤ ሥጋቱም ከባዶ የመጣ አይደለም። መምህርቷም የምትመዘነው በሞላው ደብተር ነው። ስለዚህ ሦስቱም፣ ወላጁ፣ መምህርቷና ባለቤቱ፣ ልጁን ከልባቸው እየወደዱ አንዱን ዘርፍ ብቻ ያዩታል።

በቋንቋው ዓምድ የራሴን ስሕተት ልናገር። አንድ ዕጩ መምህር የአምስት ዓመት ልጅን ሥዕል እያሳየ ሲጠይቅ አብሬ ተቀምጬ ነበር። «ይህ ምንድን ነው?» ድመት ነው፤ ልጁ ዝም አለ። ቀጣዩም፣ የሚቀጥለውም ዝምታ። ዕጩው «የቋንቋ ዕድገቱ ዘግይቷል» ብሎ ጻፈ፤ እኔም ፈረምሁበት። በኋላ ሞግዚቷ ያንኑ ሥዕል አንሥታ ጠየቀችው። «አዱሬ» አለ። ከዚያም የአያቱ ድመት የዶሮዋን ጫጩቶች እንዴት እንደፈጀች፣ አያቱም በምን እንዳባረሯት፣ ድመቷም በየት በኩል እንዳመለጠች በኦሮምኛ እስከ መጨረሻው ተረከልን። ቅደም ተከተል አለው፤ ምክንያትና ውጤት አለው፤ ሳቅም አለው። የዘገየው ልጁ ሳይሆን የእኛ ጆሮ ነበር። አቃቂ ከጥንትም ኦሮምኛና አማርኛ ጎን ለጎን የሚነገሩበት ስፍራ ነው። ባለ ሁለት ቋንቋ ልጅ ላይ ሦስተኛ የማስተማሪያ ቋንቋ፣ ያውም መምህርቷ ራሷ የማትዝናናበትን እንግሊዝኛ፣ ጭኖ በእሱው መመዘን ልጁን አያሳየንም።

የጅማ ተመራማሪዎች በዚህ ረገድ ያደረጉት ሊጠና ይገባዋል። ዴንቨር 2 የሚባል በአሜሪካ የተዘጋጀ የልጆች ዕድገት መመዘኛ አለ፤ ማኅበራዊውን፣ የረቂቅ እንቅስቃሴውን፣ ቋንቋውንና የትላልቅ ጡንቻዎችን እንቅስቃሴ ይመለከታል። እነሱ ተርጉመው ብቻ አልተጠቀሙበትም። ከ1,500 በላይ በሆኑ የጅማ ልጆች ላይ ሞክረው፣ የእኛ ልጅ የማያውቃቸውን ጥያቄዎች በሚያውቃቸው ተክተው፣ ዕድሜዎቹንም እንደገና ወስነው እ.ኤ.አ. በ2016 አሳተሙት። የካርታ ወይም የሠሌዳ ጨዋታ አይቶ የማያውቅን ልጅ በዚያ መመዘን ዕድገቱን ሳይሆን የቤቱን ዕቃ መመዘን ነውና። ለአዲስ አበባ ዳርቻ ልጆች እንዲህ ያለ ሥራ ለሚሠራ የማስተርስ ተማሪ በሬ ክፍት ነው።

ስሜታዊው ዓምድ በቅጾቻችን ላይ ብዙ ጊዜ ባዶ ሆኖ የሚመለሰው ነው። «ረባሽ» ወይም «ጨዋ» የሚል አንድ ቃል ይጻፍበታል፤ ያበቃል። ማኑይሌንኮ የተባለች የሶቪየት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመችው ሥራ ልጆችን ሳይንቀሳቀሱ እንዲቆሙ ጠየቀች። ዝም ብላ «ቁሙ» ስትላቸው ብዙም አልቆዩም። በጨዋታ ውስጥ የዘብ ጠባቂ ድርሻ ስትሰጣቸው ግን እጅግ ረዘም ላለ ጊዜ ቆሙ። የአቃቂ ልጅ የፋብሪካ በር ዘበኛ እንዴት እንደሚቆም ጠንቅቆ ያውቃል፤ ነገ ጧት ክፍላችሁ ውስጥ ሞክሩት። ራስን መግዛት በቁጣ የሚገባ ነገር አይደለም፤ ልጅ ሌላ ሰው ሆኖ ሲጫወት የሚለማመደው ነው። በኒው ዚላንድ ዱኔዲን ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1973 የተወለዱ 1,000 ያህል ልጆች ለአሥርት ዓመታት ተከታትለው ሲጠኑ፣ በልጅነት ራስን የመግዛት ችሎታ ከጎልማሳነት ጤናና ገቢ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል፤ የቤተሰብ ሀብትና የአእምሮ ብስለት ልዩነት ከግምት ገብቶም እንኳ።

የእኛ እንቆቅልሽስ? «ምን አውቅልህ» ብሎ የጀመረ ልጅ መልሱ ሲጠፋው አገር ይሰጣል። አገር መስጠት ቀላል ሽንፈት አይደለም፤ ጠያቂው ያንን አገር ሲያሞጋግስበት፣ እሱን ሲያሾፍበት ቁጭ ብሎ ይሰማል፤ ከዚያ በተራው ይጠይቃል። መሸነፍን፣ መሳቅንና እንደገና መሞከርን በአንድ ወንበር ላይ ይማራል። ይህን የሚያህል የስሜት ትምህርት በየትኛው የታተመ መጽሐፍ አገኛለሁ?

አካላዊውን ዓምድ ከሰፈሩ ነጥሎ ማየት አይቻልም። በገላንና በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሞች ያሉ ብዙ ቤተሰቦች ዕጣ ደርሷቸው ከመሐል ከተማ የመጡ ናቸው። ልጅን «ና ውጣ» ብሎ የሚጠራ፣ ሲወድቅ የሚያነሣ የቆየ ጎረቤት ቀርቷል። እናት አራተኛ ፎቅ ላይ ሆና ልጇን ወደ ታች መልቀቅ ትፈራለች፤ እውነቷን ነው። ልጁ ወደ መዋዕለ ሕፃናት ሲሄድ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚቆየው ለመኖሪያ በተሠራ የኪራይ ቤት ውስጥ፣ ጥቂት እርምጃ በማትሞላ የሲሚንቶ ግቢ ነው። ሳይሮጥ ይውላል፤ ሳይሮጥም ያድራል። ወንዙም አለ። በአቃቂ ወንዝ በሚለሙ አትክልቶች ውስጥ ከባድ ብረቶች እንዳሉ ጥናቶች ካሳዩ ቆይተዋል፤ ከእነዚህ አንዱ የሆነው እርሳስ ለልጅ ደኅና የሚባል መጠን እንደሌለው የዓለም የጤና ድርጅት ያስታውቃል። እርሳስ በደም ገብቶ የሚጎዳው ትኩረትንና ትምህርትን ነው። በአካላዊው ዓምድ የገባው በአእምሯዊው ይወጣል።

በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የአገራችን ልጆች ከመቶ 38ቱ የቀነጨሩ ነበሩ። ምግብ ብቻውን ይበቃል ወይ? በጃማይካ ኪንግስተን እ.ኤ.አ. በ1986 እና በ1987 ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 24 ወር የሆኑ 129 የቀነጨሩ ልጆች ጥናት ተጀመረባቸው። ለአንዳንዶቹ ተጨማሪ ምግብ ተሰጠ፤ ለሌሎቹ በሳምንት አንድ ሰዓት የጤና ሠራተኛ ቤታቸው እየሄደች፣ በቤት ውስጥ ከተገኘ ነገር በተሠሩ መጫወቻዎች እናቲቱ ከልጇ ጋር እንድትጫወት አሳየች፤ ሁለት ዓመት ያህል ቀጠለ። ከሃያ ዓመት በኋላ ጨዋታውን ያገኙት ገቢያቸው ካላገኙት በ25 ከመቶ በልጦ ተገኘ። የምግቡ ድጋፍ ብቻ ግን ይህን ያህል ዘላቂ ውጤት አላሳየም። «ጨዋታ ምን ያበላል?» ለሚለን ወላጅ በአክብሮት የምናቀርብለት ቁጥር ይህ ነው።

ጨዋታ ካለ መምህር አያስፈልግም እያልሁ አይደለም። ጣሰው ወልደሃና በከተማ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ልጆችን አጥንተው፣ ቅድመ አንደኛ ደረጃ የገቡት በአእምሯዊ መመዘኛዎች ካልገቡት የተሻሉ መሆናቸውን እ.ኤ.አ. በ2011 አሳይተዋል። መግባቱ ይጠቅማል። ጥያቄዬ ከገቡ በኋላ ስለሚውሉበት ቀን ነው።

ከእናንተ የምጠይቀው ጥቂት ነው። ፊደልን አስነብቡ፣ አዚሙ፣ በአሸዋ ላይ በጣት አስነኩ፤ ገጽ ሙሉ ማስገልበጥን ግን ቢያንስ እስከ ዩኬጂ አዘግዩ። በየሳምንቱ ስለ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ «ጎበዝ ነች» ብላችሁ ሳይሆን ያደረገችውን። «ማክሰኞ ዕለት ቀለቦሽ ተሸንፋ ዕንባዋን ዋጠች፤ ረቡዕ መልሳ ተጫወተች።» ወላጅ ሲመጣ ከደብተሩ በፊት ይህን አንብቡለት። እኔ እንዳየሁት፣ ልጁን በዚያች ዓረፍተ ነገር ውስጥ የማያውቅ ወላጅ የለም፤ ብዙዎቹ የቤቱን ወሬ ጨምረው ይነግሯችኋል፤ ያም ለመምህርቷ ሌላ መስኮት ነው። ሃምሳ ልጅ በያዘ ክፍል ይህ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። በቀን አሥር ልጅ ከሆነ በሳምንት ሃምሳው ይዳረሳል።

የመመልከቻ ቅጻችንንም ቀይረነዋል። አምስቱ ዓምዶች አሉ፤ ከእነሱ በፊት ግን መስመር የሌለው ባዶ ገጽ አለ፤ ዕጩ መምህሩ መጀመሪያ ያየውን እዚያ ይጽፋል፤ ዓምዶቹን የሚሞላው ማታ፣ ቤቱ ገብቶ ነው። ብዙዎቹ ዕጩዎች አንዱን ድርጊት በሦስትና በአራት ዓምድ ደግመው እየጻፉ ያመጡልኛል፤ አላርማቸውም። ቅጂዎቹ መውጫው በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ናቸው፤ የፈለገ ይውሰድ። አሁን ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ፤ ከኋላ ከተቀመጡት እናት እንጀምር፤ እጃቸውን ካነሡ ቆይተዋል።